አብራሪ ማፍራትና አሰልጣኝ ማፍራት አንድ አይደሉም፦ ስለ በረራ ትምህርት ቤት ምርጫ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ የበረራ አሰልጣኝ ለመሆን የሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሰሞኑን እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። የጽሑፉ ምክር ባጭሩ ይህ ነው፦ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍኤኤ፣ «ፓርት 141» በሚባለው የሕግ ክፍል ፈቃድ የሰጠው ትምህርት ቤት ብቻ ይመረጥ፤ የአሰልጣኝነት ኮርሱ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ይሁን፤ አውሮፕላኖቹ አዳዲስና ባለ ዲጂታል ማሳያ ይሁኑ፤ ትምህርት ቤቱ ትልቅ ሆኖ ለተመራቂው ሥራ ቃል የሚገባ ይሁን፤ ቦታው ፍሎሪዳ ወይም አሪዞና ይሁን፤ ቅናሽ ለማግኘት ክፍያው በአንድ ጊዜ ይጠናቀቅ፤ ከአገር ቤትና ከዓረብ አገራት የሚመጡም በተማሪ ቪዛ ገብተው፣ አሰልጣኝ ሆነው እየሠሩ፣ አየር መንገዶች የሚጠይቁትን 1,500 ሰዓት ይሙሉ።

ጸሐፊው ስለ ወገን አስበው መጻፋቸውን አከብራለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጎ ያጣ ሰው ድካማቸውን አያቃልልም። ይሁን እንጂ በዚህ ሙያ የተሰማራሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ምክሮቹን አንባቢ እንዳሉ ቢከተላቸው ገንዘብና ጊዜ የሚያስከፍሉ ሆነው ስላገኘኋቸው ዝም ማለት አልቻልኩም። የጽሑፉ መሠረታዊ ጉድለት፣ አብራሪ ለመሆን የሚነሣ ጀማሪ የሚጠይቀውን ጥያቄ አሰልጣኝ ለመሆን ለሚነሣ ሰው መስጠቱ ነው። ወደ አሰልጣኝነት ኮርስ የሚገባ ሰው ማብረር ያውቃል፤ የኮሜርሻል (በክፍያ የማብረር) ሰርተፍኬቱንና ኢንስትሩመንት ሬቲንጉን (በመሣሪያ እየተመሩ የማብረር ፈቃዱን) በእጁ ይዞ ነው የሚመጣው። ከትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ማስተማርን ነው። ስለዚህ ከአውሮፕላኑም፣ ከሕንፃውም፣ ከዋጋውም በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ማስተማርን የሚያስተምረኝ ማን ነው?» ብሎ ነው። ጽሑፉ ይህን ጥያቄ በአንድም አንቀጽ አላነሣም።

ወደ ነጥቦቹ ልግባ። ጸሐፊው በፓርት 61፣ ማለትም ያለዚያ የትምህርት ቤት ፈቃድ፣ የሚያስተምር ትምህርት ቤት «መንግሥት የማያውቀው» ነው ብለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ፓርት 61ም ሆነ ፓርት 141 የአንድ የፌዴራል ሕግ ክፍሎች ናቸው፤ በሁለቱም መንገድ የተዘጋጀ ዕጩ የሚቀርበው ለአንድ ዓይነት ፈተና ሲሆን የሚሰጠውም ሰርተፍኬት አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የፓርት 141 ትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርቱን በኤፍኤኤ አስጸድቆ፣ በየምዕራፉ የውስጥ ፈተና እየሰጠና መዝገቡን ለቁጥጥር ክፍት አድርጎ መሥራቱ ነው። ይህ ጥቅም አለው፤ በተለይ ከዜሮ ለሚጀምር ተማሪ ጥሩ ሥርዓት ነው። ጸሐፊው ግን «ፓርት 141 ሰዓት ይቆጥባል» ሲሉ የየትኛውን ደረጃ ሰዓት እንደሚቆጥብ አልለዩም። ቁጠባው ያለው ከአሰልጣኝነት በፊት ባሉት ደረጃዎች ነው። ለኮሜርሻል ሰርተፍኬት በፓርት 61 ቢያንስ 250 ሰዓት ሲያስፈልግ በፓርት 141 ግን 190 ይበቃል። ወደ አሰልጣኝነት ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። በፓርት 61 ለአሰልጣኝነት ሥልጠና የተቀመጠ ዝቅተኛ የሥልጠና ሰዓት የለም፤ ዕጩው መብቃቱን አሰልጣኙ አምኖ ሲፈርምለት ለፈተና ይቀርባል። በፓርት 141 ግን ይህን ሰርተፍኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሰው 40 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 25 ሰዓት በረራ የማጠናቀቅ ግዴታ አለበት። ጎበዝና በደንብ የተዘጋጀ ዕጩ ከዚያ ባነሰ ሊበቃ ይችላል፤ ያልተዘጋጀው ደግሞ 25ቱም ላይበቃው ይችላል። የአውሮፕላን ኪራይ በሰዓት በሚቆጠርበት ሙያ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ፓርት 141 የግድ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። በቀድሞ ወታደሮች የትምህርት ድጎማ የሚማሩ ይገኙበታል፤ በተማሪ ቪዛ የሚመጡም እንዲሁ፤ ስለነሱ በኋላ እመለስበታለሁ። በዩኒቨርሲቲ የአቪዬሽን ዲግሪ ይዘው በ1,500 ፈንታ በ1,000 ሰዓት ወደ አየር መንገድ ለመግባት የሚያስቡም ኢንስትሩመንታቸውንና ኮሜርሻላቸውን ከዲግሪው ጋር በተያያዘ የፓርት 141 ትምህርት ቤት ማግኘት አለባቸው። ልብ ይባል፦ ሕጉ ይህን የሚጠይቀው ለእነዚያ ሁለቱ እንጂ ለአሰልጣኝነቱ አይደለም። እንዲህ ያለ ተማሪ ዲግሪውን ጨርሶ አሰልጣኝነቱን ሰፈሩ ባለ አነስተኛ የፓርት 61 ትምህርት ቤት ቢያወጣ የሚያጣው ነገር የለም።

ለፓርት 141 የሚያደላ አንባቢ ቢኖር እንኳ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ጽሑፉ ይህንንም ዘሎታል። ሙሉ ፈቃድ ለማግኘት ትምህርት ቤቱ ባለፉት 24 ወራት ቢያንስ 10 የተለያዩ ሰዎችን ለፈተና አቅርቦ ከነሱ ቢያንስ 80 በመቶው በመጀመሪያ ሙከራ ማለፍ አለባቸው። ይህን ገና ያላሟላ ትምህርት ቤት «ፕሮቪዥናል» የሚባል ጊዜያዊ ፈቃድ ነው የሚይዘው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ምክር የሁለት ሳምንቱ ኮርስ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በግማሹ እስማማለሁ። ሁለቱን የጽሑፍ ፈተናዎች፣ ማለትም ባለ 50 ጥያቄውን የማስተማር መሠረታውያንና ባለ 100 ጥያቄውን የአሰልጣኝነት ፈተና፣ ቀድሞ ያለፈ፣ የትምህርት ዕቅዶቹን በራሱ እጅ ጽፎ የጨረሰ፣ ከቀኝ ወንበር፣ ማለትም ከአሰልጣኙ ቦታ፣ ማብረርንም የለመደ ሰው በሁለት ሳምንት ተወልውሎ ለቼክራይድ (ለተግባር ፈተናው) ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ላሉት ኮርሱ መጥፎ አይደለም። ጽሑፉ ግን ምክሩን የመሠረተው በሌላ ምክንያት ነው፤ «አሰልጣኝነት ሰዓት መሙያ ድልድይ ስለሆነ ቶሎ መሻገር ይበጃል» ይላል።

በዚህ አልስማማም፤ የማልስማማውም በስሜት አይደለም። ለጽሑፍ ፈተናው ከሚጠኑት የመማር ሕጎች አንዱ፣ ሰው መጀመሪያ የተማረው ነገር ሥር ስለሚሰድ በኋላ ለመንቀል እጅግ አስቸጋሪ ነው ይላል። በሁለት ሳምንት በችኮላ ያለፈ አሰልጣኝ የሚያስተምረው በሰማይ ላይ የመጀመሪያውን ሰዓት የሚያሳልፍ ጀማሪን ነው። ያ ጀማሪ ማረፊያ ላይ ፔዳሉን መርገጥ ከተሳሳተ፣ ስሕተቱ እስከ አየር መንገድ ድረስ አብሮት ሊሄድ ይችላል። ለነገሩ እኛ ኢትዮጵያውያን አሰልጣኝነትን ዝቅ አድርገን ለማየት ታሪካችንም አይፈቅድልንም። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በ1935 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ አገልግሎት ከገባ በኋላ፣ በ1944 ተመልሶ በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከሠራቸው ሥራዎች ዋነኛው ኢትዮጵያውያንን ማብረር ማስተማር ነበር።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ ለወገኖቻችን ግን ሊጠቅም የሚችል አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ከአንድ ክፍለ ሀገር፣ ካውንቲ ወይም ከተማ 7ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ለማስተማር የሚያስችል የመምህርነት ፈቃድ ያለው ሰው፣ ወይም እውቅና ባለው ኮሌጅ ተቀጥሮ የሚያስተምር ሰው፣ የማስተማር መሠረታውያኑን የጽሑፍ ፈተና እንዲወስድ አይገደድም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከነሱ መካከል ወደዚህ ሙያ የሚያዘነብል ካለ ይህን ይወቅ።

ስለ አውሮፕላኖቹ ጸሐፊው በሰፊው ጽፈዋል፤ ዲጂታል ማሳያ፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ ፓራሹት ያለው አውሮፕላን ሁሉ ተዘርዝሯል። ለአሰልጣኝነት ዕጩ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ አውሮፕላን ስፒን፣ ማለትም እየተሽከረከረ መውረድ፣ ይፈቀድለታል? ማንኛውም የአውሮፕላን አሰልጣኝነት ዕጩ ስለ እስቶል (ክንፉ የማንሣት ኃይሉን ስለሚያጣበት ሁኔታ)፣ ስለ ስፒን አጀማመርና ስለ አወጣጡ መሠልጠኑንና ማስተማር መቻሉን የሚያረጋግጥ ፊርማ በሎግቡኩ (በበረራ መዝገቡ) ላይ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ለፈተና መቅረብ አይችልም። ፓይፐር አርቸር ሆን ተብሎ ስፒን እንዲገባ አይፈቀድለትም። ዳይመንድ ዲኤ40 እንዲሁ። ሲረስ ኤስአር20ም በፓራሹቱ ይመካል እንጂ ለስፒን አልተፈቀደም። በአንጻሩ ያረጀች የምትመስለው ሴስና 172፣ ክብደቷና ሚዛኗ «ዩቲሊቲ» በሚባለው ጠበብ ያለ ክልል ውስጥ እስከሆነ ድረስ፣ ለስፒን ትፈቀዳለች። እንግዲህ በአዳዲስ አውሮፕላኖቹ የሚኮራ ትምህርት ቤት ለዚህች አንዲት ፊርማ ዕጩውን ወደ ሌላ ቦታ ልኮ ሌላ ሂሳብ ሊያስከፍለው ይችላል። ቀደም ሲል ዕጩዎች ለፈተናው እግሩ የሚታጠፍ፣ ውስብስብ የሚባለውን ዓይነት አውሮፕላን ማቅረብ ነበረባቸው፤ ኤፍኤኤ ግን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ግዴታ ስላነሣ፣ «ውስብስብ አውሮፕላን ያለው ትምህርት ቤት ፈልጉ» የሚለው የጽሑፉ መስመርም ጊዜው ያለፈበት ነው።

አሁን ጽሑፉ ወዳልነካው፣ ለእኔ ግን ዋናው ወደሆነው ጉዳይ እመጣለሁ። «ማን ያስተምረኛል?» ለሚለው ጥያቄ ሕጉ ራሱ የተወሰነ መልስ ይሰጣል። ማንኛውም አሰልጣኝ ተነሥቶ ሌላ አሰልጣኝ ማፍራት አይችልም። በፓርት 61 ለመጀመሪያ ጊዜ የአሰልጣኝነት ሰርተፍኬት የሚያወጣን ሰው የሚያሠለጥን፣ ራሱ ቢያንስ 24 ወር በአሰልጣኝነት የቆየና ቢያንስ 200 ሰዓት በረራ ያስተማረ መሆን እንዳለበት ሕጉ ለረጅም ጊዜ ሲደነግግ ኖሯል። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌሎች አማራጮች ተጨምረዋል፤ ለምሳሌ ባለፉት 24 ወራት ቢያንስ 5 ዕጩዎችን አሠልጥኖና ፈርሞ ለተግባር ፈተና ያቀረበ፣ ከነሱም ቢያንስ 80 በመቶው በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉለት አሰልጣኝ የ24 ወሩን ጊዜ ሳይጠብቅ አሰልጣኞችን ማሠልጠን ይችላል። የዚህ ለውጥ ጥሩ ጎኑ አሰልጣኙ በቆይታው ብቻ ሳይሆን በውጤቱም እንዲለካ ማድረጉ ነው።

ይህ ከትምህርት ቤት ምርጫ ጋር ያለው ግንኙነት ግልጽ ነው። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚንቀሳቀሱት በራሳቸው ተመራቂዎች ነው። እነዚህ ወጣት አሰልጣኞች 1,500 ሰዓታቸውን እንደሞሉ ወደ ክልላዊ አየር መንገዶች ይሄዳሉ። በዚህ ሁኔታ ልምድ ያለው፣ አሰልጣኝን ማሠልጠን የሚችል ሰው ቁጥሩ ይመናመናል፤ ሃምሳ አውሮፕላን ባለው ትምህርት ቤት ይህን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ዕጩው ሊያናግር የሚገባው የሽያጭ ሠራተኛውን ሳይሆን ያንን ሰው ነው። በሳምንት ስንት ቀን ነፃ ነው? ባለፈው ዓመት ስንት የአሰልጣኝነት ዕጩ አቀረበ? ስንቱ በመጀመሪያው አለፈ? በኮርሱ መካከል ቢለቅ ማን ይተካዋል? መልሱን ከሱ አፍ መስማት ይሻላል። ከተቻለም አንድ የክፍል ትምህርቱን ተቀምጦ ማዳመጥ ነው፤ ጥሩ አሰልጣኝ ይህን አይከለክልም።

በዚያ ክፍል ውስጥ ምን መታየት እንዳለበት ልግለጽ። ጥሩ የአሰልጣኞች አሰልጣኝ ለዕጩው ትምህርት ሲያወርድለት አይውልም፤ ማርከር ይሰጠውና ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል። «አውሮፕላኑ ሲነሣ ለምን ወደ ግራ ይጎትታል?» ብሎ ይጠይቃል። ዕጩው ስለ ቶርክ (ስለ ሞተሩ የማዞር ኃይል)፣ ከፕሮፔለሩ ስለሚጠማዘዘው ነፋስ፣ ስለ ፒ-ፋክተር (የፕሮፔለሩ ሁለት ጎኖች እኩል ስላለመሳባቸው) እና ስለ ጋይሮስኮፕ ባሕርይ በሰሌዳው ላይ ይስላል። ያን ጊዜ አሰልጣኙ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ወይም የስድሳ ዓመት ጡረተኛ መስሎ «አልገባኝም፣ እንደገና ንገረኝ» ይላል። የዕጩው ችሎታ የሚለካው በዚያች ሁለተኛ ማብራሪያ ነው፤ የመጀመሪያውን ማንም ከመጽሐፍ መሸምደድ ይችላል። ክፍሉ ውስጥ አሰልጣኙ ብቻ የሚናገር ከሆነ ዕጩው የሚወጣው ጥሩ አድማጭ ሆኖ ነው።

በአየር ላይም እንደዚያው ነው። ዕጩው ከቀኝ ወንበር ተቀምጦ፣ ጋዙን ቀንሶ፣ አፍንጫውን እያነሣ ስለ እስቶል ሲያስረዳ እጁ ያበርራል፣ አፉ ያስተምራል፣ ዐይኑ የተማሪውን እግር ይከታተላል። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ይጮኻል፤ ክንፎቹ ይርገበገባሉ፤ ከዚያ አንዱ ክንፍ ይወድቃል። ጀማሪ ተማሪ በደመ ነፍስ መሪውን ወደ ተቃራኒው ያዞራል፤ ይህ ደግሞ የወደቀውን ክንፍ ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል፤ መደረግ ያለበት አፍንጫውን ዝቅ ማድረግና በፔዳሉ ማቅናት ነው። አሰልጣኙ በዚያች ቅጽበት የሚወስነው ውሳኔ አለ፦ ተማሪው ስሕተቱን ራሱ እንዲያርመው ይተወው ወይስ «መሪውን ይዣለሁ» ብሎ ይቀበለው? ቶሎ ከተቀበለው ተማሪው አይማርም፤ ከዘገየ አውሮፕላኑ ወደ ስፒን ይገባል። በቼክራይድ ላይ ፈታኙ ተማሪ መስሎ ይህን ስሕተት ሆን ብሎ የሚሠራው ለዚህ ነው። ይህን ውሳኔ በዕጩው እጅ ላይ የሚያሰርጸው ደጋግሞ ስሕተት እየሠራ የሚያሳየው ሰው ነው። በጽሑፉ እንደ ዋና መመዘኛ የቀረበው ዲጂታል ማሳያ በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ስለ ሥራ ዋስትና ጸሐፊው የሰጡት ምክር ከሁሉም በላይ ብዙ አንባቢ የሚማርክ ይመስለኛል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ መታየት አለበት። በመጀመሪያ፣ ትምህርት ቤቱ «ዋስትና» ሲል በውሉ ላይ የተጻፈው ሥራ ነው ወይስ ቃለ መጠይቅ ብቻ? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ቀጥሎም፣ የአሰልጣኝ ቅጥር በአየር መንገዶች ቅጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2022 እና በ2023 እ.ኤ.አ. አየር መንገዶች አብራሪ በብዛት ሲቀጥሩ አሰልጣኞች ቶሎ ቶሎ ስለለቀቁ አዲስ ተመራቂ ወዲያው ቦታ ያገኝ ነበር። በ2024 ቅጥሩ ሲቀዘቅዝ ሰዓታቸውን የሞሉት ሳይቀሩ በቦታቸው ስለቆዩ ከኋላ የመጣው መጠበቅ ግድ ሆነበት። ማንም ትምህርት ቤት ይህን መቆጣጠር አይችልም።

ሦስተኛው ነገር ሂሳብ ነው። በ250 ሰዓት የጀመረ አሰልጣኝ ወደ 1,500 ለመድረስ 1,250 ሰዓት ይቀረዋል። በወር 60 ሰዓት ቢያስተምር ከ20 ወር በላይ ይወስድበታል። ሕጉ ከዚህ ላይ ገደብ ያስቀምጣል፤ አንድ አሰልጣኝ በተከታታይ 24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ የበረራ ሥልጠና መስጠት አይችልም። በዚያ ላይ ደመና፣ ነፋስ፣ ጥገና ላይ ያለ አውሮፕላን፣ ያልመጣ ተማሪ አለ። ብዙ አሰልጣኞች የሚከፈላቸው አውሮፕላኑ በሠራበት ሰዓት መጠን ስለሆነ ዝናብ የዋለበት ሳምንት ኪሳቸውን ይነካል። እንግዲያው «ሥራ ትሰጡኛላችሁ?» ከማለት ይልቅ «አንድ አሰልጣኝ ስንት ተማሪ አለው? ባለፈው ጥር ስንት ሰዓት አበረረ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በትልቅ ትምህርት ቤት አንድን ተማሪ አራት አሰልጣኞች የሚሻሙበት፣ በትንሹ ደግሞ አንድ አሰልጣኝ ቀኑን ሙሉ ቀጠሮ የሚሞላበት ሁኔታ አለ።

ስለ ቦታ ብዙ አልልም። አሪዞና ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፍሎሪዳም በአሜሪካ የብርድ ወራት ለበረራ ምቹ ነው። ሰዓት ለመሙላት ብቻ ከሆነ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ነገር ግን ከአንባቢዎቻቸው ብዙዎቹ የሚኖሩት በዋሽንግተን ዙሪያ ነው፤ ወደዚያው ተመልሰው ለማስተማር የሚያስቡም ጥቂት አይደሉም። በዋሽንግተን ዙሪያ 30 የባሕር ማይል የሚሸፍን ልዩ የበረራ ክልል አለ። የማናሳስም፣ የሊስበርግም፣ የጌይዘርስበርግም አውሮፕላን ማረፊያዎች በዚያ ክልል ውስጥ ናቸው። በክልሉ ውስጥ የሚበር ሰው የበረራ ዕቅድ ማቅረብ፣ ለሱ ብቻ የተሰጠ የትራንስፖንደር (በራዳር የሚያስለይ መሣሪያ) ቁጥር መያዝና ከፖቶማክ የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ጋር በሬዲዮ መገናኘት አለበት፤ ስሕተት ቢሠራ የሚመጣበት መዘዝ ቀላል አይደለም። ይህን በየቀኑ እያደረገ የተማረ ዕጩ በዚያው አካባቢ ላለ ቀጣሪ የሚሰጠው ዋጋ፣ ከአሪዞናዋ ፊኒክስ ጥርት ያለ ሰማይ ከመጣው ይበልጣል። ያም ሆኖ ፍሬድሪክን የመሰሉ ከክልሉ ውጭ ያሉ ሜዳዎች ስላሉ፣ በዚሁ አካባቢ እየኖሩ ከሁለቱም ዓይነት ልምድ ማግኘት ይቻላል። በነገራችን ላይ ዊልበር ራይት በ1909 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ጦር መኮንኖች ማብረር ያስተማረው ከዋሽንግተን ጥቂት ማይል በምትርቀው ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ ሜዳዋ ዛሬም ትሠራለች።

ክፍያን በአንድ ጊዜ ማጠናቀቅን በሚመለከት ግን ጸሐፊውን በጥብቅ እቃወማለሁ። በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. ሲልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ የተባለው በብዙ ክፍለ ሀገራት ቅርንጫፍ የነበረው የሥልጠና ድርጅት በድንገት ተዘግቶ ለኪሳራ ሲመዘገብ፣ ሙሉውን ዋጋ በባንክ ብድር ቀድመው የከፈሉ በርካታ ተማሪዎች ሥልጠናቸው መሐል መንገድ ላይ ቀርቶ ዕዳው ብቻ ቀረባቸው። ከዚያ ወዲህም የተዘጋ ትምህርት ቤት አልጠፋም። የአሰልጣኝነት ኮርስ አጭር ስለሆነ በየሳምንቱ ወይም በየበረራው መክፈል ይቻላል። አስቀድሞ መክፈል ግድ ከሆነም፣ ተማሪው ቢያቋርጥ ወይም ትምህርት ቤቱ ቢያቆም ስንቱ እንደሚመለስ በጽሑፍ ካልተቀመጠ መፈረም አይገባም። ጽሑፉ የጠቀሰው ቅናሽ ይህን ስጋት የሚያካክስ አይደለም። «እስክታልፉ በዚሁ ዋጋ እናሠለጥናለን» የሚለውን ማስታወቂያም እንደዚያው ነው የማየው፤ የስንት ሰዓት በረራ፣ የማን አውሮፕላን፣ የፈታኙ ክፍያስ በማን ላይ እንደሆነ መነበብ አለበት።

የመጨረሻው ነጥብ ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከሪያድ ሆኖ ይህን ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ከሁሉም የሚከብደው ነው። ጸሐፊው «በተማሪ ቪዛ ገብቶ፣ አሰልጣኝ ሆኖ፣ እየሠሩ 1,500 መድረስ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር እንዳሉት አይሠራም። የውጭ አገር ተማሪ መቀበል የሚችሉት በአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ፕሮግራም የተመዘገቡ ትምህርት ቤቶች ብቻ ሲሆኑ፣ የበረራ ትምህርት ቤት ለዚያ ለመብቃት የፓርት 141 ወይም የፓርት 142 (የሥልጠና ማዕከል) ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ለእነዚህ አንባቢዎች ፓርት 141 የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ወሳኙ ግን የቪዛው ዓይነት ነው። አብዛኞቹ የበረራ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ኤም-1 የሚባለውን የሙያ ትምህርት ቪዛ ነው። በኤም-1 የመጣ ተማሪ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ብቻ፣ ለእያንዳንዱ 4 ወር ትምህርት 1 ወር ተግባራዊ ልምምድ እንዲሠራ ሊፈቀድለት ይችላል፤ ጣሪያውም 6 ወር ነው። በ6 ወር ውስጥ 1,250 ሰዓት ማስተማር በተግባር የማይታሰብ ነው፤ በወር ከ200 ሰዓት በላይ ማለት ነውና። በኤም-1 የገባ ሰው አሜሪካ ውስጥ እያለ ወደ ኤፍ-1፣ ማለትም ወደ መደበኛው የተማሪ ቪዛ፣ መቀየርም አይችልም። ኤፍ-1 የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይ ከኮሌጅ ጋር የተሣሠሩት፣ ጥቂት ሲሆኑ፣ የሚሰጡት የሥራ ጊዜ ረዘም ይላል፤ በመደበኛው እስከ 12 ወር። እሱም ቢሆን ለ1,250 ሰዓት በጣም ጠባብ ነው።

በዚህ ላይ የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሁሉ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ የመጀመሪያ አብራሪነት፣ የኢንስትሩመንት ወይም የባለ ብዙ ሞተር ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ማጣሪያ ማለፍ አለበት። በ2024 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ደንብ ይህ ማጣሪያ አንዴ ከተሰጠ እስከ 5 ዓመት ስለሚያገለግል፣ ቀደም ሲል ለየሥልጠናው ይከፈል የነበረው ድካም ቀንሷል።

ስለዚህ ከውጭ ለመምጣት የሚያስብ ሰው ገንዘብ ከመላኩ በፊት ትምህርት ቤቱ ለቪዛ ማመልከቻ የሚሰጠው አይ-20 የተባለ ቅጽ የኤም-1 ነው ወይስ የኤፍ-1 ብሎ መጠየቅ አለበት። ኮርሱ ካለቀ በኋላ ስንት ወር በአሰልጣኝነት መሥራት እንደሚፈቀድለት፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ በዚያ ጊዜ እንደሚቀጥረውና ባለፈው ዓመት በዚያ ቪዛ የቀጠራቸው ስንት አሰልጣኞች እንደነበሩ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል። ዕቅዱ በአሜሪካ 1,500 ሰዓት መሙላት ከሆነና የሚሰጠው ቪዛ ኤም-1 ከሆነ፣ ሰዓቱ የሚሞላው በሌላ አገር እንደሆነ አስቀድሞ አውቆ፣ የዚያን አገር የሰርተፍኬት ቅየራ ደንብ ከአሜሪካው ኮርስ በፊት ማጥናት ይኖርበታል።